ቫይረሱ በሚሊዮን፣ የጉበት ኢንዛይሙ ኖርማል፦ እንዴት ይሆናል?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ለዓረብ አገር ጉዞ የጤና ምርመራ ሲያደርግ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። ምንም አያመውም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ኳስ ይጫወታል። ሐኪም ቤት ወስደነው ቫይራል ሎዱ፣ ማለት በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሆነ። የጉበት ኢንዛይሙ፣ ኤኤልቲ የሚሉት፣ ግን ኖርማል ነው። አልትራሳውንዱም ደህና ነው። ሐኪሙ «ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልገውም፣ በየስድስት ወሩ እየመጣ ይታይ» አለን። ይህን ያህል ቫይረስ እያለ ጉበቱ እንዴት ሳይነካ ቀረ? የሰውነቱ ወታደሮች የት ሄዱ? ዘመዶች ደግሞ «የመከላከል አቅም ይጨምራል» የተባለ ዱቄት አምጥተው ካልጠጣ እያሉ ነው። ይጠጣ ወይስ ይቅር?

የላብራቶሪ ባለሙያ
አይዞሽ እህቴ። ኤኤልቲ ቫይረስ አይለካም። የጉበት ሴል ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው፣ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይባዛል እንጂ በአብዛኛው እሱ ራሱ ሴሉን አይገድለውም። ሴሉን የሚገድሉት ቫይረሱን ሊያጠፉ የሚመጡት የራሳችን የመከላከያ ሴሎች፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት፣ ናቸው። ስለዚህ ቫይረሱ ብዙ፣ ኤኤልቲው ኖርማል ሲሆን የላብ ስህተት ነው ብለሽ አትጨነቂ። በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ እናየዋለን።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
«ወታደሮቹ የት ሄዱ» ላልሽው፣ እዚያው ጉበት ውስጥ ናቸው። ግን ጉበት የተለየ ቦታ ነው።

በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም በጉበት ያልፋል። ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአንጀት ነው። የበላነው ምግብ ቅንጣት፣ የአንጀት ባክቴሪያ ስብርባሪ፣ ሁሉም በዚያ ደም ይመጣል። ጉበት ይህን ሁሉ እንደ ጠላት ቢቆጥር ኖሮ ከእያንዳንዱ ምሳ በኋላ በተቆጣ ነበር። ስለዚህ እዚያ ያሉት ሴሎች ዝም ብሎ ማጽዳትን ለምደዋል። ዋነኞቹ ኩፈር ሴሎች ይባላሉ። በጉበት ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ውስጥ ተጣብቀው የሚያልፈውን ባክቴሪያ ይውጣሉ፤ አብረውም ሌሎቹን ሴሎች የሚያረጋጋ መልእክት ይለቃሉ። የቧንቧው ግድግዳ ሴሎችም እንደዚሁ። በ1969 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሮይ ካልን የአንዱን አሳማ ጉበት ለማይዛመደው አሳማ ሲያዛውር ብዙዎቹ የመከላከያ ሴሎችን የሚያፍን ምንም መድኃኒት ሳይሰጣቸው ተቀበሉት። በኩላሊት ወይም በቆዳ ቢሆን ሰውነት ቶሎ ይተፋዋል።

ቲ ሴሎቹ ደግሞ ቫይረሱን ማግኘት አያቅታቸውም። የጉበት የደም ቧንቧ ግድግዳ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት ቲ ሴል ከደሙ ሳይወጣ በቀዳዳው በኩል «እጁን» አሾልኮ የጉበት ሴል ሲነካ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ግን ያው ጉበት በባሕርይው ያረጋጋቸዋል። ከዚያ በላይ ቫይረሱ ለዓመታት ከፊታቸው ስለማይጠፋ ይዝላሉ። ሕፃን ሲወለድ ቢያዝ ከ10 ልጆች በ9ኙ ላይ ቫይረሱ ይቀራል። ጤነኛ አዋቂ ቢያዝ ግን ከ100 ሰው 95ቱ ወይም ከዚያ በላይ ያጸዱታል። ወንድምሽም የተያዘው በልጅነቱ ይመስለኛል።

ታላቅ እህት
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ከዛሉ ማበርታቱ አይሻልም? ዱቄቱን የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
አይጠጣ። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ዱቄት ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ብዙዎች በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ሴሎቹ ራሳቸው ይነቃሉ፣ ያን ጊዜ ኤኤልቲ ይወጣል። አንዳንዱ ቫይረሱን በደንብ ይቀንሰዋል። ሌላው ላይ ግን ቁጣው ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳ ሠሪ ሴሎች ይነሣሉ፣ መጨረሻው ሲሮሲስ፣ ማለት ጉበት በጠባሳ መድረቅ፣ ሊሆን ይችላል። መከላከያ ሴል የሚቀሰቅስ መድኃኒት በሕክምናም አለ፣ ኢንተርፌሮን ይባላል። እሱ እንኳ የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝና በተደጋጋሚ የደም ምርመራ ነው። ጫትና አልኮልም ይቅሩ።

ቴኖፎቪር (የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት) ተጠቃሚ፣ ሜሪላንድ
ዶክተር በሁሉም እስማማለሁ፣ ግን «ተረጋግተዋል» የሚለው ሰውን እንዳያዘናጋ እሰጋለሁ። በዚህ ደረጃ ላይ ባሉ ወጣቶችም ሙሉ ጸጥታ እንደሌለ ጥናቶች አሳይተዋል። የቫይረሱ ቁራጭ ወደ ጉበት ሴል ዘረመል (ዲኤንኤ) ውስጥ የሚገባውም በዚህ ጊዜ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት የሚጀምሩ ሰዎችን በጣም አስፍቷል። እህቴ፣ ቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር ወይም ሲሮሲስ የነበረበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪው። ኤች አይ ቪና ስኳር መመርመሩንም ጠይቂ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጥሩ ነጥብ አነሣህ። እኔም የጠባሳው ልኬት ይታይ እላለሁ። ጠባሳውን የሚለካው መሣሪያ፣ ፋይብሮስካን፣ ባይገኝ ኤኤስቲ ከሚባለው ሌላ የጉበት ኢንዛይምና ደም ከሚያረጉት ፕላትሌቶች ቁጥር በስሌት ይገመታል። ሁለቱም ተራ የደም ምርመራ ናቸው። ደግሞ ለሌላ በሽታ ስቴሮይድ ወይም የካንሰር መድኃኒት ከታዘዘለት ቫይረሱ እንዳለበት አስቀድሞ ይናገር። ሴሎቹ በመድኃኒት ሲታፈኑ ቫይረሱ ይገነፍላል፣ ሲለቀቁ ደግሞ ጉበቱን በአንድ ጊዜ ያጠቁታል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ።

የእናቶችና ሕፃናት ነርስ
እኔ ደግሞ ስለ ቤተሰቡ ነው የማስበው። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወንድምሽ ከዚያ በፊት ስለተወለደ አላገኘውም። አንቺም እንደዚያው። እናታችሁ፣ አንቺና ሌሎቹ እህት ወንድሞች ሁላችሁም ተመርመሩ። በአንድ መሶብ መብላት፣ መተቃቀፍ አያስተላልፍም። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን።

ታላቅ እህት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዱቄቱን ከፊቱ አንስቻለሁ፣ ለዘመዶቹም እኔው እነግራቸዋለሁ። ስንሄድ ምን ብለን ነው የምንመረመረው?

የእናቶችና ሕፃናት ነርስ
ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ቫይረሱ አለ ወይ፣ ሁለተኛ መከላከያው አንቲቦዲ አለ ወይ። ሁለቱም የሌለው ሦስት ክትባት ይወስዳል፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ቀኑን ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ቫይረሱ የተገኘበት ካለ ደግሞ ከወንድምሽ ጋር አብሮ ክትትል ይጀምር።