የልጄ ጣቶች ቀልተው አብጠዋል፤ ብርድ ነው ኮሮና?

ሰላም ወገኖች። ከደሴ ነኝ። ግራ ገብቶኛል፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤታችን ጉንፋን ገባ። እኔ ሽታ ጠፋኝ፤ ቡና ሲቆላ እንኳ አይሸተኝም። ኮምቦልቻ ወርጄ ስመረመር ኮሮና ነው ተባልኩ። የ13 ዓመት ልጄ ሁለት ቀን አስነጠሰውና ተወው። አሁን ግን የእግሩ ጣቶች ቀልተው አብጠዋል፤ ሁለቱማ ወይን ጠጅ መስለዋል። ማታ ይበላዋል፣ ጫማ ሲያደርግ ያመዋል። እናቴ «የጦሳ ብርድ ነው፣ አብሽሪ» ብላ ቅቤ ትቀባዋለች። ብርድም እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግን ልጁ እዚሁ ነው ያደገው፤ ስንቱን ኅዳርና ታኅሣሥ አልፎ ዘንድሮ ብቻ?

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የኮሮና ምርመራው ነፃ ሆነና የፈንገስ ቅባት ሰጡን። 8 ቀን ቀባሁት፣ ወይ ፍንክች!

እንደ ፈረንጆች በ2020 የአውሮፓ ሐኪሞች በልጆችና በወጣቶች ላይ ይህን የመሰለ እብጠት አይተው «የኮቪድ ጣት» እንዳሉት አነበብኩ። ብዙዎቹ ሲመረመሩ ነፃ ነበሩ፤ እውነት ከኮሮና ነው ወይ የሚለውም እስካሁን ያከራክራል። ኮሮና ሳማ የለበለበው ወይም ጉድፍ የሚመስል ሽፍታም ያወጣል አሉ። የእሱ ግን ጣቱ ላይ ብቻ ነው።

ትኩሳት የለውም፣ ኳሱንም አልተወም። በራሱ እስኪለቀው ልጠብቅ? እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍስ ይጎዳዋል? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የቆዳ ሐኪም በየትኛው ቀን እንደሚገኝ የምታውቁም ጻፉልኝ።