ቁራሌውን ወደ ጠረጴዛችን ማምጣት፦ የፕሮፖዛሉ ውይይት

ጸሐፊ፦ ለጨዋታችን ገንዘብ የምንጠይቅበት ፕሮፖዛል አርብ ከምሳ በፊት ይገባል። ዛሬ ሰኞ ነው። ቅዳሜ የተስማማነውን ላስቀምጥ፣ የቀረ ካለ ጨምሩበት። «ክራምብስ» የተባለውን የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ጀግና ለጠረጴዛ ጨዋታችን፣ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ እናዘጋጃለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተው ነው። የገጸ ባህሪ ወረቀት፣ አንድ የሦስት ሰዓት ታሪክ፣ 20 ቅጂ፣ ሁሉም በአማርኛ። ፊልሙ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ነው የወጣው፣ ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ፣ ተዋናዩ የኛው ዳንኤል ታደሰ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ሳይሆን ወረቀቱን ለሚያዩት ሰዎች ነው። ገንዘቡ፦ ህትመት 7,000፣ አራት የዳይስ ስብስብ 6,000፣ አዳራሽ 3,000፣ ስዕል 2,000፣ ድምር 18,000 ብር። ጀግናው የወደቀ ዕቃ እየለቀመ ስለሚኖር ክላሱን፣ ማለትም የገጸ ባህሪውን ዓይነት፣ «ቁራሌው» ብለነዋል።

የጅሬኑ፦ ቁጥሮቹን ጨርሻለሁ። ጨዋታው ለስድስቱ ችሎታዎች ከሚሰጠው ከተለመደው የነጥብ ድልድል ነው የወሰድኩት፣ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8። ጽናት 15፣ ማስተዋል 14፣ ቅልጥፍና 13፣ እውቀት 12፣ ግርማ ሞገስ 10፣ ጉልበት 8።

ፈረንጅ አራዳ፦ ጉልበት 8 ለምን? ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ? እንደዚያ ከሆነ አልስማማም። ያንን ሁሉ አገር በእግሩ ያቋረጠ ሰው ነው።

የጅሬኑ፦ ለዚያ እኮ ነው ጽናቱን 15 ያደረግኩት። ፊልሙን እንደገና እየው፣ በጡንቻ የሚፈታው ነገር የለም። ይፈራል፣ ግን ይሄዳል። ዳሎል ላይ ሲደርስ ሕጉ ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈና የሚጠጣ ውሃ ከሌለ በየሰዓቱ መጨረሻ ጽናትህን ትፈተናለህ። የመጀመሪያው ሰዓት 5 ማምጣት ነው፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ አንድ ይጨምራል። ጽናት 15 ያለው ሰው ዳይሱ ላይ የሚደመር +2 አለው፣ ስለዚህ ስድስተኛው ሰዓት ላይ 10 ሲጠየቅ በባለ ሃያ ጎኑ ዳይስ 8 ይበቃዋል። ጽናቱ 8 የሆነ ሰው ግን አንድ ስለሚቀነስበት 11 ማምጣት አለበት። ግማሽ በግማሽ ነው። የሰውየው ጀግንነት እዚህ ጋ ነው ያለው፣ በቁጥር ሊታይ የሚችለውም እዚሁ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሺ። ይሄ ገባኝ። ጥሩ ነው።

ቆጪ፦ አንድ ነገር። «ቁራሌው» አይባልም። «ቆራሌው» ነው። በቆ።

ሃያ ጎን፦ ቁራሌው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በቁ ነው የምሰማው።

ቆጪ፦ መስማትና መጻፍ ይለያያል። ቃሉ የመጣው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ነው። ቆርቆሮ በቆ ነው የሚጀምረው። ቁርቆሮ የሚል ሰው አለ?

ሃያ ጎን፦ አፍ ላይ ሲቆይ ይለወጣል። እንደዚያማ ከሆነ «ያለው»ም ሙሉውን ይጻፋ።

ጸሐፊ፦ ይሄ ሆሄ ነው፣ በኋላ ይስተካከላል። ስዕሉን ማን ይሠራል?

ቦዬ፦ እኔ። እስከ ረቡዕ ማታ አደርሳለሁ። የፊልሙ የጠፈር መርከብ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ ከታች ጆንያ ይዞ። ሁለት ሺውን አልፈልግም፣ የቀለም ብቻ ስጡኝ።

ጸሐፊ፦ ተባረክ። ጻፍኩህ።

ቆጪ፦ በኋላ አይስተካከልም። አምና ካርዶቹ ላይ «ማስተዋል» «ማስታወል» ተብሎ ታትሞ 20ውንም በእስክሪብቶ ያረምኩት እኔ ነኝ። በእጄ። ማተሚያ ቤቱ የላክነውን ነው ያተምኩት አለ፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። የርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ካልተስማማን ሌላው ምን ሊሆን ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ እሱስ እውነቱን ነው። ያ ገንዘብ የእናንተ መዋጮ ነበር። አሁን ካዝና ውስጥ 4,200 ብር ነው ያለው፣ ሌላ ስህተት የሚሸከም አቅም የለንም።

ሀረሮ፦ «ቁራሊዮ» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ቆጪ፦ እኛ ጅማ ነን።

ሀረሮ፦ እና ጨዋታው ከጅማ ውጭ አይነበብም?

ሃያ ጎን፦ ቆጪ፣ አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። ባለፈውም «ጌም ማስተር» ይባል ወይስ «አጫዋች» ብለህ ሁለት ሳምንት በላህብን። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ነው የምንለው።

ቆጪ፦ ሁልጊዜ እንዲህ ስለሆንኩ ነው ካርዶቹ የሚነበቡት። ካልፈለጋችሁኝ እወጣለሁ። አቦ፣ አማርኛ ጀግና ይኑረን ብላችሁ ነው የጀመራችሁት፣ አማርኛውን ስነካ ግን ትቆጣላችሁ።

ሃያ ጎን፦ ውጣ አላልኩህም።

ቆጪ፦ ብለሃል።

የጅሬኑ፦ ጓዶች፣ ማክሰኞ ሆነ። ታሪኩ ላይ አንድም ሰው አስተያየት አልሰጠም። ሦስት ትዕይንት ነው ያለው፦ መርከቡ መብራት ሲጀምር፣ የድሮ ዕቃ የሚገምተው ባለሱቅ ጋ፣ ከዚያ ዳሎል። ባለሱቁ ጋ ተጫዋቾቹ የያዙትን ዕቃ ያስገምታሉ። ፊልሙ ላይ የማይክል ጃክሰን ሸክላና የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይታያሉ። ይህን በግርማ ሞገስ ልፈትን ወይስ በእውቀት?

ፈረንጅ አራዳ፦ በእውቀት። ግን እኔም ቆ ነው የምለው።

መርካቶ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አባቴ በዚህ ሥራ ነው ያሳደገን። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ያላያችሁት የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል። ጆንያው አፉ ላይ በሲባጎ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ነው፣ ቆርቆሮ እንዳይቀደው። ሲጣራ የመጀመሪያው ፊደል አይሰማም። ከጉሮሮው ነው የሚወጣው፣ «ራሌ» የሚለው ብቻ ነው በየአጥሩ የሚገባው፣ መጨረሻውን ይጎትተዋል። ቁ ይሁን ቆ እኔ ልጁ ሆኜ አላውቅም። ማታ ሲመለስ ብረቱን ይለያል፣ ጠርሙሱን ይለያል፣ ከኪሱ ደግሞ ለሚዛን የማይገባ ነገር ያወጣል። አንድ ጊዜ አንድ ጎማ የጎደላት ቀይ የፕላስቲክ መኪና አመጣልኝ። ሦስት ጎማ ነበራት፣ አራተኛውን ከጠርሙስ ክዳን ሠራልኝ። ያቺ መኪና እስካሁን አለች። ፊልሙን ሳይ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። የሆሄው ነገር አይገደኝም፣ ብቻ ወረቀቱ ላይ ሰውየው ለማኝ ወይም ሌባ እንዳይመስል። ይከፍላል እንጂ አይለምንም።

ሃያ ጎን፦ ወንድሜ፣ ይቅርታ። ቆጪም ይቅርታ።

ቆጪ፦ ምንም አይደለም። እኔም ጮኼያለሁ። ግን በቆ ነው።

የጅሬኑ፦ መርካቶ፣ ያልከውን ችሎታ አድርጌ አስገባዋለሁ። በቀን አንድ ጊዜ፣ የተሰበረ ዕቃ ከሌላ የተሰበረ ዕቃ ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ነገር ያወጣል። ለዚያ ፈተና ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። ስሙ «የጠርሙስ ክዳን» ይሁን?

መርካቶ፦ ይሁን። አባቴን አሳየዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው የፊልሙ ነው። አትመን 20 ቅጂ ስንበትን፣ ከዚያ ደግሞ ሸጠን ካዝና እንሙላ የሚል ሰው እንደነበር አውቃለሁ፣ ባለቤቱ ቢጠይቀንስ? ማን ነው የሚመልሰው? እኔ ፊርማዬን አላስቀምጥም።

ፈረንጅ አራዳ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ውስጥ ብንጫወትበት ማንም አይጠይቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቤት ውስጥ ለመጫወት 18,000 ብር አንጠይቅም፣ ልጄ።

የጅሬኑ፦ ጋሼ ትክክል ናቸው። ሁለቱን እንለይ። የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ ችግር የለበትም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤቶች በጃንዋሪ 2023 የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕግ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀውታል፣ ምንጩን እስከጠቀስን ድረስ መተርጎምም ማተምም መሸጥም እንችላለን። ጀግናው ግን የፊልም ሠሪው ነው። ፈቃድ መጠየቅ አለብን።

ጸሐፊ፦ ለዳይሬክተሩ ኢሜይል የሚጽፍ? እንግሊዝኛም ስፓኒሽም ይቻላል።

ጸሐፊ፦ ማንም?

ሀረሮ፦ ቦዬ አይጽፍም? እንግሊዝኛው ጥሩ ነው።

ጸሐፊ፦ ቦዬ፣ አለህ? ስዕሉም ዛሬ ማታ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ቢጻፍስ እስከ አርብ መልስ ይመጣል? የራሳችንን ቁራሌው እንሥራ። የዚህ ከተማ ሰው። አዌቱ ዳር ከጎርፍ በኋላ የሚቀረውን ዕቃ የሚለቅም። መርካቶ የነገረን ሰውዬ ከፊልሙ ጀግና በምን ያንሳል?

መርካቶ፦ አባቴን ፈቃዱን ልጠይቀው። ስሙ ግን እንዳይገባ።

የጅሬኑ፦ አይገባም። ወድጄዋለሁ። መርከቡም ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በላይ ይቁም። ክረምት ላይ ደመናው ዝቅ ሲል ግማሹ ብቻ ይታያል።

ጸሐፊ፦ ቆይ። የጀመርነው የፊልሙን ጀግና ነው። ሦስት ወር የተነጋገርነው ስለሱ ነው። በቋንቋችን የሚናገር የሳይንስ ልብወለድ ጀግና አለ፣ የውጭ አገር ሰዎች ሲያዩት እኛ ሳናየው ቀረን፣ ብለን ነው የተነሳነው። አሁን በአንድ ምሽት ጣልነው?

የጅሬኑ፦ አልጣልነውም። መግቢያው ላይ ይጠቀሳል። ቁጥሮቹም እንዳሉ ይቆያሉ፣ ጽናት 15።

ጸሐፊ፦ መጠቀስና መኖር አንድ አይደለም። ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ካልተገኘ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ።

ሀረሮ፦ ዳሎልስ? ከጅማ ዳሎል ሊሄድ ነው?

የጅሬኑ፦ ዳሎል ይቀራል። በምትኩ እዚሁ ጅማ ያለው የቦዬ ረግረግ ይሁን። ጉማሬ አለ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ታዲያ የሙቀቱ ሕግ ቀረ ማለት ነው? የጽናት 15 ምክንያቱ እሱ አልነበር?

የጅሬኑ፦ አስብበታለሁ።

ሃያ ጎን፦ ቅርስ የሚገመትበት ትዕይንት ላይ የጅማ በርጩማ ይግባ። ሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ከሺህ ዓመት በኋላ ሰው ሲያገኘው ምንድነው ይላል? የነገሥታት ዙፋን ነው የሚልም ይኖራል፣ የጀበና ማስቀመጫ ነው የሚልም።

አዲሷ፦ አዲስ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ከገባሁ። ሙዚየሙ ውስጥ የአባ ጅፋር ዕቃዎች አሉ አይደል? ሄደን አይተን ብንጽፈው አይሻልም? እሳቸው እስከ 1932 እንደ ፈረንጆቹ የነገሡ ናቸው፣ ዕቃዎቹ ገና መቶ ዓመት አካባቢ ናቸው፣ እኛ ግን ግማሹን ምን እንደሚሠራበት አናውቅም። ጨዋታው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጅሬንም እንውጣ። ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት ኮረብታው።

ገንዘብ ያዥ፦ በምን ገንዘብ?

ፈረንጅ አራዳ፦ የዳይሱን እንቀንስ። አራት ስብስብ ምን ያደርግልናል?

ሃያ ጎን፦ አይሆንም። አሁን ያለን አንድ ሙሉ ስብስብ ነው። ሰማያዊው ባለ ሃያ ጎን 7ቱ ጠፍቶ በሚስማር ነው የጫርኩት። ስድስት ሰው እየተቀባበለ ሲጥል አንድ ውጊያ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ዳይሱ እኮ ነው ጨዋታው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ስብስብ፣ 3,000። የቀረው 3,000 ለጉዞ።

ሃያ ጎን፦ አልተስማማሁም፣ ይመዝገብልኝ።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። ሐሙስ ነው። ቦዬ፣ ስዕሉ?

ጸሐፊ፦ ቦዬ፣ ስልክህም አይነሳም። ደህና ነህ?

ሀረሮ፦ ትናንት ፒያሳ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የስዕሉን 2,000 ወደ ጉዞው አዛውሩት። ጉዞ 5,000፣ ህትመት 7,000፣ አዳራሽ 3,000፣ ዳይስ 3,000። ድምሩ አልተነካም።

ቆጪ፦ ርዕሱ በምን ተጻፈ?

ጸሐፊ፦ ገና ነው።

መርካቶ፦ አባቴን ጠየቅኩት። ፈቀደ። ወረቀቱን አነበብኩለት፣ «የጠርሙስ ክዳን» ጋ ስደርስ መኪናዋን አምጣ አለኝ። ክዳኑ ላልቶ ነበር፣ ቁጭ ብሎ አጠበቀው። ቁ ነው ቆ ብዬም ጠይቄዋለሁ። እንዴት ይጻፋል ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ።

ቆጪ፦ አባትህ እንዳለ ይሁን በቃ። እኔ የማነበው ረቂቁን ነው፣ ማታ ላኩልኝ፣ ሌሊት አርሜ እመልሳለሁ።

ጸሐፊ፦ ገባ። አርብ 5 ሰዓት ላይ፣ ማህተም ተደርጎበት። ርዕሱ «የጅማው ቁራሌው፦ ከቅርስ ጉብኝት ጋር የተያያዘ የጠረጴዛ ጨዋታ»። ፊልሙ መግቢያው ላይ ሁለት መስመር አለው፣ የዳንኤል ታደሰ ስም አለበት፣ ከዚያ በላይ ማስገባት አልቻልኩም። የበጀቱ ገጽ ላይ «ቆራሌው» ነው የሚለው፣ ከድሮው ፋይል ስለገለበጥኩት። ኢሜይሉን እኔው እጽፋለሁ፣ ለዚህኛው ባይደርስም።

ቆጪ፦ ማታ ልኬልህ አልነበር? የበጀቱን ገጽ አርሜዋለሁ።

ጸሐፊ፦ ያረምከውን ነው ያስገባሁት መስሎኝ። የበጀቱን ገጽ ጋሼ ለብቻው ነው የሰጡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው።

የጅሬኑ፦ ቅዳሜ 8 ሰዓት እንሞክረው። የቦዬን ረግረግ ብቻ። ለጽናቱ የወባ ትኩሳት አስቤያለሁ፣ በየሌሊቱ ፈተና፣ እንደ ሙቀቱ እየጨመረ የሚሄድ።

ሃያ ጎን፦ ሰማያዊው ዳይስ ማን ጋ ነው? ከኔ ሳጥን ውስጥ የለም።

አዲሷ፦ ቦዬ ባለፈው ቅዳሜ ለስዕሉ ልየው ብሎ ሲወስድ አይቻለሁ።