እናቴ ቤታቸውን ሳይለቁ እንዲኖሩ የሚረዳ አገልግሎት ከየትኛው ይጀመራል?

ጠያቂ (የበኩር ልጅ)፦
እናቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ አባቴ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። አእምሯቸው ንቁ ነው፣ ሒሳባቸውንም ራሳቸው ይይዛሉ። ይሁን እንጂ ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ወድቀው፣ ግድግዳ ተደግፈው እስኪነሡ ድረስ ረጅም ጊዜ ወለል ላይ ቆይተዋል። ይህን የነገሩን ከአራት ቀን በኋላ ነው። ወንድሞቼ ከአንዳችን ቤት ወይም ከአረጋውያን መጦሪያ እንዲገቡ ይፈልጋሉ፤ እርሳቸው ግን «ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለው ቁርጡን ነግረውናል። የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ምግብ የማድረስ፣ የመጓጓዣና የቀን መዋያ አገልግሎቶች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ባመጣባቸው እንደሚያባርሩኝ ስለማውቅ፣ ከየትኛው ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1 (የቤት ለቤት ነርስ)፦
አብዛኛው ቤተሰብ የሚጀምረው ከአገልግሎቱ ዓይነት ነው፤ መጀመር ያለበት ግን ከእናትዎ ውሎ ነው። አንድ ሙሉ ቀን አብረዋቸው ይዋሉና ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚሠሩት ይመልከቱ። ከመጸዳጃው ሲነሡ የሚጨብጡት የፎጣ መስቀያውን ከሆነ፣ እርሱ የተሠራው ፎጣ እንዲሸከም እንጂ ሰው እንዲሸከም ስላልሆነ፣ አንድ ቀን ከነብሎኑ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ይቀራል።

በሙያችን አንድ ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን ምን ያህል ራሱ እንደሚችል የምንለካባቸው ሁለት የቆዩ መለኪያዎች አሉ። ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ስድስት መሠረታዊ ተግባራትን ይመለከታል፤ እነርሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋና ከወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እንዲሁም መመገብ ናቸው። ሎውተንና ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት ደግሞ እንደ ግብይት፣ ምግብ ማብሰል፣ መጓጓዝ፣ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድና ገንዘብ ማስተዳደር ያሉ ስምንት ተግባራትን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚላላው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህም ምግብ የሚያደርስ ወይም ሐኪም ቤት የሚያመላልስ አገልግሎት ብቻውን አንድን ሰው ረጅም ጊዜ በቤቱ ሊያቆየው ይችላል። መታጠብና መልበስ ሲያቅት ግን የግል እንክብካቤ የሚሰጥ ሰው ቤት ድረስ መምጣት አለበት።

ውድቀቱን በተመለከተ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ በተለይ የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒት ካለ፣ ሐኪም እንዲያያቸው ያድርጉ፤ ዓይናቸውንም ይመርመሩ። ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ተራምደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ድረስ ሰዓት ይያዙ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ሥጋት ስላለ፣ የጡንቻና የሚዛን እንቅስቃሴ የሚያሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።

መልስ 2 (አባቱን ያስታመመ)፦
በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገርዎ። ለአባቴ ቀኑን ሙሉ የምትረዳቸው ሴት ቀጠርን፤ ልበ ቀና ነበረች፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሸሚዛቸውን ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸው ስለነበር እርሷ በአንድ ደቂቃ ትቆልፍላቸው ጀመር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣታቸው ቁልፉን መያዝ ረሳ። በኋላ የመጣች ባለሙያ ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘርግታ «ከታች ይጀምሩ» አለቻቸውና ከክፍሉ ወጣች። ቀስ በቀስ መለሱት፤ የአንገቱ ቁልፍ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሰላቸውም። ስለዚህ ማንኛውንም ረዳት ሲቀጥሩ «ምን ትሠሪላቸዋለሽ?» ብቻ ሳይሆን «ምኑን ትተዪላቸዋለሽ?» ብለው ይጠይቁ።

መልስ 3 (እኔም አረጋዊ)፦
ልጄ፣ እኔ 81 ዓመቴ ነው። እናትሽ ውድቀታቸውን አራት ቀን የደበቁት ቢናገሩ ምን እንደሚፈረድባቸው ስላወቁ ነው። እኔም ደብቄ አውቃለሁ። ልጆቼ በአንገት የሚንጠለጠል የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ገዝተው ሲያመጡልኝ፣ ማንም ስላላማከረኝ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀልሁት፤ ለስድስት ወርም ሚስማሩን ጠበቀው። አሁን ራሴ የመረጥሁትን በእጄ አንጓ አስሬአለሁ፤ ውኃ የማይገባው መሆኑን አረጋግጫለሁ፣ ምክንያቱም መታጠቢያ ቤት ስገባ የማወልቀው ከሆነ ለምንም አይጠቅመኝም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን በየማለዳው የሚደውልልኝ በጎ ፈቃደኛ ነው። ሁለት ጊዜ ደውሎ ካላነሣሁ ሰው ይልካል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነገር ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ነው፤ የተላከው ሰው በር መስበር የለበትም።

ጠያቂ (የበኩር ልጅ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜን አብሬያቸው ዋልሁ፤ የሚጨብጡት በእርግጥም የፎጣ መስቀያውን ነበር፣ አንዱ ብሎንም ላልቷል። ሦስቱን ሜትር በ15 ሰከንድ ሄደው ተመለሱ፤ «እንደ ተማሪ ፈተንሽኝ» ብለው ሳቁብኝ። የሚያስቸግራቸውን ስጠይቃቸው ውድቀቱን አላነሡም፤ የከበዳቸው የልብስ ማጠቢያውን ቅርጫት ደረጃ ላይ ተሸክሞ መውጣት ኖሯል። በግድግዳ ላይ በሚታሠረው መደገፊያ፣ በሌሊት መብራቱና በሳምንት አንድ ቀን ልብስ በሚያጥብ ሰው ተስማምተናል። ምግብ የማድረሱን ነገር አሻፈረኝ ብለዋል። መጥሪያውን ራሳቸው እንዲመርጡ የሦስቱን ዓይነት ፎቶ ትቼላቸው መጥቻለሁ፤ ቁልፉን ፊት ለፊታቸው ለሚኖሩት ጎረቤት ሰጥተናል።