ወደ ባሕሬን ለምትመጡ፦ ስለ ውኃውና ስለ ባሕሩ

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖቼ። ባለቤቴ ማናማ ሥራ ስላገኘ ከትንሽ ልጃችን ጋር ልንዛወር ነው። አገሩ ወንዝ የሌለው የበረሃ ደሴት ነው አሉኝ። ውኃው ከየት ይመጣል? ከቧንቧ ይጠጣል? ባሕሩስ ለልጅ ይሆናል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ በሰላም ግቡ። እውነት ነው፤ ባሕሬን ወንዝም ሐይቅም የላትም። በዓመት የሚዘንበው 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከቧንቧ የሚወርደው በአብዛኛው ጨው የተለየለት የባሕር ውኃ ነው። ሲትራ የሚባለው ቦታ ያለው የጨው ማጣሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ አል ሂድና አል ዱር የሚባሉ ጣቢያዎች አሉ። ራስ አቡ ጀርጁር የሚባለው ጣቢያ የሚያጣራው ደግሞ ከመሬት ሥር የሚወጣ ጨዋማ ውኃ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝ ኃይል ስለሆነ እዚህ ውኃ ማባከን ነዳጅ ማቃጠል ነው። እባካችሁ ቧንቧ ከፍታችሁ አትርሱ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሳዑዲ ምሥራቅ ተነሥቶ ከባሕሩ ሥር የሚመጣ የከርሰ ምድር ውኃ በደሴቱ ሰሜን በራሱ ግፊት እየፈለቀ የተምር እርሻውን ያጠጣ ነበር። በርበር በሚባለው መንደር ያለው ከ4000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቤተ መቅደስም የተሠራው ምንጭ ላይ ነው። ዕንቁ ጠላቂዎች ወራት ባሕር ላይ ሲቆዩ ወደ ታች ጠልቀው ከባሕሩ ወለል የሚፈልቀውን ጣፋጭ ውኃ በአቁማዳ ይቀዱ ነበር። ጨው ባሕር ውስጥ የሚጠጣ ውኃ! እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ከምንጮቹ ስሙ የገነነው አዛሪ ነው። የአገሬው ሰው «አዛሪ የቅርቡን ትቶ የሩቁን ያጠጣል» ይላል፤ ለባዕድ ደግ፣ ለዘመድ ንፉግ ለሆነ ሰው ነው የሚተርተው። ከዚያ የጉድጓድ ቁፋሮው በዛ። ከሚገባው በላይ ውኃ ተሳበ፣ ግፊቱ ወደቀ፣ ጨው ገባበት፣ ምንጮቹም ነጠፉ። አሁን አዛሪ መናፈሻ ነው፤ ልጅሽን ታጫውቺበታለሽ፤ ምንጩ ግን እንደ ድሮው አይፈልቅም። ምንጭ ባለበት አገር ላደግን ሰዎች ይሄ ያማል።

ወደ ቤትሽ ልመለስ። ውኃው ከመስመሩ ሲመጣ ንጹሕ ነው፤ የሚያሰጋው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። መቼ እንደታጠበ አከራዩን ጠይቂ። ለመጠጥ አብዛኛው ሰው በትልቁ ጠርሙስ እያስመጣ ይጠቀማል፤ ለሕፃን እኔም እሱን እመርጣለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሮቶው በፀሐይ ስለሚግል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ልጅ ያቃጥላል። ያኔ ቦይለሩን አጥፊው። ኤሲ ያለበት ቤት ውስጥ ስለሆነ የያዘው ውኃ ይበርዳል፤ ከሙቁ ቧንቧ ቀዝቀዝ ያለ ይወርድልሻል። ልጁን ከማስገባትሽ በፊት ግን ሁሌም በእጅሽ ሞክሪ።

ተጨማሪ፦ እኔም ልጨምር። ኪራዩ ውኃና መብራትን ይጨምራል ከተባልሽ እስከ ስንት ብር ወይም መጠን ድረስ እንደሚሸፍን ጠይቂ። ብዙ ውል እስከዚህ ድረስ ብሎ ይወስናል፤ ከዚያ ያለፈውን ከኪስሽ ትከፍያለሽ። የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው ታሪፍ ከዜጋው ይበልጣል። በሙቀቱ ወራት ኤሲው ቀን ከሌት ስለሚሠራ ይህን ውል ላይ በጽሑፍ ያዢ።

መልስ፦ ትክክል ነው ወንድሜ። ስለ ባሕሩ ደግሞ፦ ባሕሬን ያለችበት ባሕረ ሰላጤ ጥልቀቱ በአማካይ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መውጫው ሆርሙዝ የሚባለው ጠባብ የባሕር በር ብቻ ነው፤ ፀሐዩ ያተነዋል፣ የሚገባ ወንዝ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሌላው ባሕር ይበልጥ ይጨዋል፣ በሙቀቱ ወራትም በጣም ይሞቃል። ማጣሪያዎቹም የተለየውን ጨው መልሰው ወደዚያው ይለቁታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ድፍድፍ ነዳጅ ሲፈስበት የባሕረ ሰላጤውን የመጠጥ ውኃ ጣቢያዎች አስግቶ ነበር። ባሕሩ ጉድጓዳችን ስለሆነ ዳርቻው ላይ ፕላስቲክ የሚጥል ወገን ሳይ አዝናለሁ። ሐዋር ደሴቶች አካባቢ እኮ ዱጎንግ የሚባሉ የባሕር ሣር የሚግጡ ትልልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳት በመንጋ ይኖራሉ።

ልጅሽን ውሰጂው እንጂ አትፍሪ። ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደስ ይላል። ጄሊፊሽ የሚባለውን ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ካየሽ አታስገቢው፤ ሲወጣም ጨዉ ቆዳውን እንዳያሳክከው ወዲያው በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው።