«ዲቃላ» ወይስ «ክልስ»? አንድ ቃል ቸግሮኛል

ተርጓሚው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ሁለት ቀን ተገትሬያለሁ። ሳይቤሪያ፣ ዴኒሶቫ ዋሻ ውስጥ አጥንቷ ስለተገኘ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ከሞተች 90,000 ዓመት ያህል ይሆናታል። እናቷ ኒያንደርታል፣ አባቷ ዴኒሶቫዊ (ሁለቱም ከምድር የጠፉ የጥንት ሰው ዓይነቶች ናቸው) እንደነበሩ ዘረመሏ ተመርምሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። «ዲቃላ» ብዬ ብጽፍ እናቴ አንብባ «ሙት ወቃሽ ሆንክ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ደቂቀ ቅኔ፦ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ሥሩ «ደቂቅ» ነው፤ ልጅ ማለት።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ «ደቂቅ» ሥሩ ደቀቀ ነው። «ላ»ን ከየት አመጣሃት? ደግሞስ ኦሪት ዘዳግም 23 «ዲቃላ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ» ሲል እያሞገሰ ነው?

የሪያዷ፦ እዚህ ዐረቦቹ ተራውን ቴምር «ደቀል» ይሉታል። ከዚያ ቢሆንስ?

መሪጌታ፦ ቴምሩን ለጾም አቆይው።

ገበሬው፦ እኛ ዘንድ ድቅል ላም፣ ድቅል በቆሎ ክብር ነው። «ድቅል» በላት።

ደቂቀ ቅኔ፦ ልጅቱን ጋጥ አስገባሃት እኮ!

ባለጠላዋ፦ «ክልስ» ምን አላት?

ደቂቀ ቅኔ፦ «ከለሰ» ጠላ ላይ ውኃ መጨመር አይደል? ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ 2 ከመቶ ገደማ የኒያንደርታል ዘር አለበት፤ እሱን ክለሳ በለው። እሷ ግን እኩል በእኩል ናት። ጠላው የቱ፣ ውኃው የቱ?

ባለጠላዋ፦ ክለሳ ሁሉ ቅራሪ አያደርግም። ቲቤቶች ተራራ ላይ አየሩ ሲሳሳ የማይቸገሩበት አንዱ ምክንያት ከዴኒሶቫዎቹ የወረሱት ዘረመል ነው። እንዲያውም አበረታቸው!

መሪጌታ፦ ጠላውን ተዉት። «ከለሰ» መድገም ነው። ትምህርት ከልስ ሲባል ውኃ የጨመረ ተማሪ አላየሁም።

ደቂቀ ቅኔ፦ የኔታ፣ እኔ ጨምሬያለሁ፤ ውጤቴም ይመሰክራል።

ተርጓሚው፦ ኧረ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ! ዲቃላ፣ ድቅል፣ ክልስ?

መሪጌታ፦ ቆይ፣ ከሁሉ በፊት ያ «ዘረመል» ያልከው። «መል» ምንድን ነው?

ደቂቀ ቅኔ፦ ዘርና አመል ነዋ!

መሪጌታ፦ «አ»ዋስ የት ገባች?