ሺት ፊልሙ ሆልደር ውስጥ በአንድ ጎን አልገባ አለኝ

ሰላም፣ በትልቅ ፎርማት ካሜራ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ካሜራዬ 4 በ5 ኢንች ነው፣ ፊልሙ በነጠላ ሉህ የሚመጣው (ሺት ፊልም) ኢልፎርድ ኤችፒ5። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሆልደሩን (ፊልሙ ገብቶ ካሜራው ላይ የሚሰካበትን ጠፍጣፋ መያዣ) የምሞላው ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ የበሩን ስር በጋቢ ደፍኜ ነው። ይህ ፊልም ቀይ መብራት እንኳ ስለማይችል ሥራው ሁሉ በጣት ነው።

አቅጣጫው አይቸግረኝም። ፊልሙን በቁሙ ይዤ ጠርዙ ላይ ያለው ቁርጥ ከላይ በቀኝ ጥግ ከሆነ ኢሙልሽኑ (ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ወደ እኔ ዞሯል ማለት ነው። የዳርክ ስላይዱንም (ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው ተንሸራታች ሽፋን) ነጭ ጎን ወደ ውጭ አደርጋለሁ፣ ገና ያልተነሳበት መሆኑን እንዲያሳየኝ።

ጣጣው ሲገባ ነው። የግራው ጠርዝ በቦዩ ሰተት ብሎ ይሄዳል፣ የቀኙ ግን ከፍ ብሎ የዳርክ ስላይዱ ቦይ ውስጥ ይገባና ፊልሙ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ ከዚያ ስላይዱን ስመልሰው መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ይቆማል። ብገፋው ፊልሙን ይቧጭረዋል ብዬ እፈራለሁ። ብርሃን ነክቶት የተቃጠለ ሉህ ይዤ ቀን ላይ ስለማመድ እኮ ዓይኔን ጨፍኜም ይገባል!

ሁለቱን ቦዮች በጨለማ በምን ትለያላችሁ? ዳርክ ስላይዱንስ ሙሉ በሙሉ ታወጡታላችሁ ወይስ ጫፉን ትተዉታላችሁ? የሰፈራችን አቧራም አለ፤ ሆልደሩን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ የተሻለ ካለ ንገሩኝ። ፊልሙን በሰው በሰው ነው ከውጭ የማስመጣው፣ አንድም ሉህ እንዲበላሽብኝ አልፈልግም። አያት ወይም ቃሊቲ አካባቢ ያላችሁ ከሆነ ሆልደሬን ይዤ እመጣለሁ።