ክርክር፦ ካናዳ ያለ ተማሪ በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ ይሥራ?

አስተባባሪ፦ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ልጁን ካናዳ የላከም፣ ለመላክ የሚያስብም አለ። እዚያ የውጭ ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ ከግቢ ውጭ በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። ገደቡ ይቅር ወይስ ይቆይ? ስድብ የለም።

የሐይቅ ልጅ፦ ይቅር! የውጭ ተማሪ የሚከፍለው ከአገሬው ልጅ ስንት እጥፍ ነው። ሥራ ሲከለከል ምን ይብላ? ራሳቸው እኮ ሠራተኛ ሲጠፋባቸው ከኖቬምበር 2022 እስከ ኤፕሪል 2024 ገደቡን አንስተውት ነበር። ያኔ ትምህርቱን አልጎዳም፣ ዛሬ ነው የሚጎዳው?

መምህር ከደሴ፦ ቀስ በል ወንድሜ። ድሮ 20 ሰዓት ነበር፤ በኖቬምበር 2024 ነው ወደ 24 ከፍ ያደረጉት። አውስትራሊያም በሁለት ሳምንት 48 ነው። በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ሙሉ ቀን መሥራት ይቻላል። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ተማረ ይባላል?

ታዛቢ፦ ግቢ ውስጥ ያለ ሥራ በ24ቱ አይቆጠርም።

የሐይቅ ልጅ፦ ማን ያገኘዋል?

የኮምቦልቻዋ እናት፦ መምህር፣ ይሄ ወሬ ኪሱ ለሞላ ነው። የኔ ልጅ ምግብ ቤት ይሠራል። ወረቀቱ ላይ 24 ሰዓት ይጻፍለታል። ከዚያ በላይ የሠራውን አሠሪው በእጁ ይሰጠዋል፣ ያውም ከዝቅተኛው ክፍያ አሳንሶ። ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። "ለምን አነሰ?" ሲለው "ሂድ ክሰሰኝ" አለው። የት ሄዶ ይክሰስ? ሕግ የጣሰው እሱም ነው፣ ፈቃዱን ያጣል። ገደቡ የጠቀመው ያንን ሰውዬ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ አብሽሩ እትዬ! ጨረሱት።

መምህር ከደሴ፦ በዚህስ እውነት አለዎት እህቴ። ግን ከሥሩ እንነጋገር። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ብቻውን የሚሄድ ተማሪ ኩቤክ ከሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር በቀር ሌላ ቦታ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያና ከትኬት ሌላ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት አለበት። አንዳንዱ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ከዘመድ ከወዳጅ ተበድሮ ባንክ ያስገባል፣ ቪዛው ሲመታ ብሩን ይመልሳል። ልጁ የሚሳፈረው ባዶ እጁን ነው። እንዲህ ለሄደ ልጅ 40 ሰዓትም አይበቃውም።

የኮምቦልቻዋ እናት፦ እና ያለው ብቻ ይላክ እያሉኝ ነው?

መምህር ከደሴ፦ አላልኩም። ደላላው "እዚያ ሠርቶ ይከፍላል" ሲልዎ ቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ዕዳውን ወረቀት ላይ ያስሉት ነው የምለው።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ እንዲያ ቢሰላ ማን ይሄድ ነበር? እኔ አሁንም ይቅር ባይ ነኝ።